የኻልቲ ኡምኩልሱም እጅ

«አህዮቹስ የት ሊያድሩ ነው?»

«እናቴ ቤት።»

ይህን የሰማሁት ከአዲሱ ቤት ጀርባ ሆኜ ጭቃ ስረግጥ ነው። ጠያቂው ሻዕባን ነበር፣ ቤቱን ያቆመው ግንበኛ። መላሹ ሐመድ፣ የዕለቱ ሙሽራ። እግሬ ጭቃው ውስጥ ቀጥ አለ። ሻዕባንም ሳይደነግጥ አልቀረም፤ «እሳቸውስ?» አለው። «እሷማ ከእኛ ጋር ናት። በኋላ በኩል ያለውን ክፍል ሰጥቻታለሁ። አይጥ የለ፣ የሚያፈስ ጣራ የለ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለች?» አለ ሐመድ፣ ድምፁ ውስጥ ቅንጣት ክፋት ሳይኖርበት። እኔን ያበገነኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ እፍኝ ጭቃ አናቱ ላይ ለጥፌበት ይወጣልኝ ነበር። ግን ደግ ልጅ ነው፣ እናቱን ይወዳል፣ ከኡምዱርማን ሲመለስ ሽቶ ወይም ሴቶች የሚከናነቡትን ሰማያዊ ቶብ ሳይዝላቸው መጥቶ አያውቅም። ደግ ልጅ እንዲህ ሲል ምን ይባላል? ጭቃዬን መርገጤን ቀጠልኩ።

እኔ ጣሂራ እባላለሁ። በአሶሳ ቤት የምቀባ ሴት እኔ ነኝ። ሌሎችም አሉ ይባላል፤ አሉ፣ ግን እነሱ ይለቀልቃሉ እንጂ አይቀቡም። ቀዩን አፈር ከወንዙ ዳር አወጣለሁ፣ ጥቁሩን ከድስት ጥላሸትና ከዛፍ ሙጫ አዋህዳለሁ። ሁለቱም የዋሆች ናቸው፤ ጠዋት ደባልቀሽ ጠዋት ትቀቢያቸዋለሽ። ጉደኛው ነጩ ነው። ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ውሃ ውስጥ ማደር አለበት። ሳያድር ከቀባሽው ለጊዜው ያምራል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን እንደ ዱቄት ይረግፍና የሙሽራዋን ትከሻ ያለብሰዋል። ስንቱ ነው «ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ» እያለ ደጄ የሚቆመው! ነጭ አፈር ማንንም ፈርቶ አይቸኩልም እላቸዋለሁ። ደርቡሾቹ ሄደው፣ የሸዋ ጦርም አልፎ ገበያው ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ቤት ሠሪ፣ ሰው ሁሉ ሙሽራ ሆኗል። ሌላው በአሞሌ ጨው ነው የሚከፍለኝ፤ ሐመድ ግን ነጋዴ አይደል፣ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ቆርጦልኛል። ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው አንዳቸውም አላመኑኝም።

ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት አለ። አንደኛው የሐመድ እናት የኡምኩልሱም ነው። ኻልቲ ነው የምላቸው፤ የሥጋ አክስቴ ሆነው ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ስለሚጠራቸው ነው። ቤታቸው ክብ ነው፤ በጭቃ የተመረገ የቀርከሃ ግድግዳ፣ ወደ መሬት የወረደ የሣር ክዳን። ስትገቢ ጎንበስ ያደርግሻል፣ ከገባሽ በኋላ ግን ሁሉም ነገር እጅሽ ሥር ነው፤ ማሽላው እዚህ፣ ቅሉ እዚያ፣ አልጋው ጥጉን ይዞ። ምን ጥግ አለውና! ብቻ አንቺ ገብቶሻል። ይህን ቤት መጀመሪያ እናቴ፣ ከእሷ በኋላ እኔ በየዓመቱ ቀብተነዋል። ሁለተኛው የሐመድ አዲሱ ቤት ነው፤ ኡምዱርማን ያየውን በልቡ ይዞ መጥቶ ያሠራው፣ ጣራው ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኑ አራት። ወይ እነዚያ ማዕዘኖች! ክብ ቤት ላይ የምስለውን ሐረግ ከበሩ ቀኝ ጀምሬ ስዞር ስዞር በሩ ግራ እመጣለሁ፤ ምንም የሚያደናቅፈኝ የለም። እዚህ ግን ሐረጉ ማዕዘን በደረሰ ቁጥር ይሰበራል፤ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሆኖ ይቀራል። ሻዕባንን «እነዚህን ነገሮች ለምን ሠራሃቸው?» ብዬ ብጠይቀው «ቤት ያለ ማዕዘን በምን ይቆማል?» ይለኛል። «አንተን እናትህ የወለደችህ ቤት በምን ቆሞ ነበር?» አልኩት። እሱም የተወለደው ክብ ቤት ነው።

አሁን ስለ እጁ ልንገርሽ። በእኛ ሰፈር ቤት ተቀብቶ ሲያልቅ የቤቱ ሴት መዳፏን ነጩ አፈር ውስጥ ነክራ ከበሩ ግራ ትጫናለች። በዓመቱ ቤቱ ሲታደስ እጇም ይታደሳል፣ አሮጌው ላይ አዲሱ ያርፋል። እጅ ያለበት ቤት ባለቤት አለው፤ ከብት አይታሰርበትም፣ ሌላ ሴት እሳት አታነድበትም። አንድ በር ደግሞ አንድ እጅ ነው የሚይዘው። ያ እጅ በጭቃ የሚለሰነው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሴትየዋ የሞተች ቀን። ይህን አሶሳ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ልጆች እንኳ የተለሰነ በር ሲያዩ ሩጫቸውን ያቆማሉ።

እንግዲህ ሐመድ ጺሙን ሊስተካከል ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። «ጣሂራ፣ ይህን ስትጨርሺ የእናቴን በር ግራም ለስኚልኝ» አለኝ።

«እጁን ነው?»

«እጁን። አህያ ሊገባበት አይደል? እጅ እያለበት አህያ ባስገባ ሰው ጉድ ይላል።»

«ሐመድ፣ እጅ መቼ እንደሚለሰን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እሷ ግን ቤት ቀየረች እንጂ ሌላ ምን ሆነች? ሰው ይገባዋል። የአፈር ነገር እኮ ነው» አለና እየዘፈነ ወጣ። የአፈር ነገር! እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩበትን ነገር እንዲያ ሲለው ደሜ ፈላ። ሰው ወግ እንዳይፈርስ ብሎ ወግ ሲያፈርስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እጄን ታጥቤ ወደ ኻልቲ ኡምኩልሱም ቤት ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ልብሳቸውን ሰፌድ ላይ ያጣጥፋሉ። «ቃሩስ እንዴት ነው?» አልኳቸው፣ ነገሩን ወዲያው ማንሳት ስለፈራሁ። ትናንት ነጩን አፈር ስወቅጥ ቃር ይዞኛል ብለው አንድ ድፍን እፍኝ ወስደውብኝ ነበር፤ ትልልቆቹ ሴቶች ለቃር ይልሱታል። «እዚሁ ነው» አሉና ደረታቸውን ነካ አደረጉ። ከዚያ ሌላ የምለው ስላጣሁ አፈረጥኩት፤ «ኻልቲ፣ ሐመድ እጅዎን ለስኚ ብሎኛል።»

ማጠፋቸውን አቆሙ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣ መልሰው ገለበጡት። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ እኔ ብሆን አለቅስ ነበር። አንዲት ቃል፣ አንዲት «እምቢ» ቢሉኝ አቡጀዲዬን ትቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፣ ወላሂ።

«እንደማይፈልጉ ነግረውታል?» አልኳቸው።

«አልጠየቀኝማ። እኔም አልነገርኩትም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ለስኚው» አሉ ኻልቲ ኡምኩልሱም። «ለስኚው ካለሽ በደንብ አድርገሽ ለስኚው። ከመንገድ እንዲታይ። እኔ በኋላ በኩል ካለው ክፍል ገብቼ ጋደም እላለሁ፤ እዚያ ነሽ ተብዬ የለ?» ሰማያዊ ቶባቸውን ተከናንበው ሰፌዳቸውን ይዘው ወጡ። ግቢውን ሲያቋርጡ ወደ ኋላ ዞር እንኳ አላሉም። እኔ በቤታቸው መካከል ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ፤ የልጅነት ቤቴ ባይሆንም የልጅነት ሥራዬ ነበር።

ለሰንኩት። ምን ላድርግ? ጭቃው እንዲይዝ መጀመሪያ አሮጌውን መፋቅ ነበረብኝ፤ በፋቅኩ ቁጥር ከነጩ ሥር ሌላ ነጭ ይወጣል፣ ከእጁ ሥር ሌላ እጅ። ከታች ያሉት ጣቶች ቀጭን ናቸው፣ የሙሽራ ጣቶች፣ እናቴ ቤቱን በምትቀባበት ዘመን የተጫኑ። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ጭቃውን ጫንኩበት፣ በወንዝ ድንጋይ አሸሁት፣ ውሃ ረጨሁ፣ እንደገና አሸሁት። ሲያልቅ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ልሙጥ ሆነ። ከመንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲያ እያዘንኩም ቢሆን ሥራዬ ጥሩ ነበር። ከዚያ ተመልሼ የቀረውን ነጭ በሙሉ አዲሱ ቤት ላይ ጨረስኩት፤ ሐመድ ከላይ እስከ ታች ነጭ ይሁንልኝ ብሎ ነበር፣ ለሙሽራዋ እጅ የሚሆን ጠብታ ብቻ አስቀርቼ እንስራዬን ገለበጥኩ።

ውስጥ ገብቼ ከመጨረሻው ማዕዘን ጋር ስጣላ ነው ጩኸቱን የሰማሁት። የእልልታ መስሎኝ «መጡ!» ብዬ ወጣሁ። ምን እልልታ! ብኸይታ፣ ገንፎ ሠሪዋ ጎረቤታችን፣ ለሰርጉ የተሸከመችውን ድስት መሬት ላይ አስቀምጣ ያንን ልሙጥ በር እያየች ደረቷን ትደቃለች። ከኋላዋ የሚመጡት ሴቶች እሷን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ማንም ማንንም ምንም ሳይጠይቅ መሬት ተቀመጡ። ምን ይጠይቃሉ? በሩ ተናግሯል። ወንዶቹም «ኢናሊላሂ» እያሉ ጫማቸውን አወለቁ። ለዳስ የመጣውን ቀርከሃ ለቃሬዛ የሚያማርጡ ተነሡ፤ ሁለት ጎበዞች ደግሞ መቆፈሪያ ተሸክመው ወደ መቃብሩ ሲሮጡ አየሁ። «ኸረ አልሞቱም!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? ክንዴ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። «ምስኪን ጣሂራ፣ እሷው ለስና አላመነችም» አለች አንዷ፣ አቅፋኝም አለቀሰች።

በዚህ መሐል ሐመድ መጣ፣ ጺሙ አንዱ ወገን ተስተካክሎ አንዱ ወገን ሳይነካ። ጩኸቱን ሰምቶ ከፀጉር አስተካካዩ እጅ አምልጦ ነው። ወንዶቹ «ጽና ልጄ፣ እናት ለማንም አትቀርም» እያሉ ትከሻውን ያዙት። እሱ ራሱ ያዘዘውን ልስን ረስቶታል፤ እናትህ ሞተች ሲሉት አመነ። ያን የመሰለ ትልቅ ሰው ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ «ኡሚ!» አለ። ወደ ክቡ ቤት ሮጠ፣ ባዶ ሆነበት፤ ወደ አዲሱ ቤት ሮጠ፣ እኔም ከኋላው። ኋለኛው ክፍል ውስጥ ኻልቲ ኡምኩልሱም በጀርባቸው ተጋድመው፣ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው ቴምር ያኝካሉ።

«አለሽ!» አለ ሐመድ፣ እግራቸው ሥር ወድቆ።

«ምነው? መሄድ ነበረብኝ?» አሉ እናቱ፣ ፍሬውን ተፉና።

እየሳቀ እያለቀሰ፣ እያለቀሰ እየሳቀ ጉልበታቸውን ሳመ። ጉዱ ግን ገና ነበር። ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲመጣ የሰማነው የቅል መለከት በድንገት ጸጥ አለ። የሙሽራዋ ወገኖች ለቅሶውን ሰምተው ቆሙ ማለት ነው። የጋብቻው ኒካሕ ታስሯል፣ ግን ሙሽራ በሐዘን ቤት አትገባም፤ ሐዘኑ እስኪያልፍ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ትቀመጣለች፣ እስኪያልፍ ደግሞ ማን ምን እንደሚያወራ አላህ ነው የሚያውቀው። ሐመድ በዚያ በግማሽ ጺሙ ሮጦ ሄደ። እኔም ተከተልኩ፣ ይህን ሳላይ ልቅር?

ሙሽራዋ ሰዕዲያ በበቅሎ ላይ ተከናንባ ተቀምጣለች። ልጓሙን የያዘችው ዓዲላ ናት፣ አክስቷ፤ ምላሷን እስከ ምንጌ አገር ድረስ የሚፈሩት። «እናቴ ደኅና ናት፣ ስህተት ነው፣ ኑ ግቡ» አላት ሐመድ እየተንተባተበ።

ዓዲላ በአጥሩ ላይ አሻግራ ልሙጡን በር አየች። «ደኅና ከሆነች እጇ የታለ?»

«እኔ ነኝ ያስለሰንኩት። ቤት ስለቀየረች…»

«በቁሟ?»

ሐመድ አንገቱን ደፋ። በቅሎዋ ጆሮዋን ታራግባለች። «አንተ ልጅ» አለች ዓዲላ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያ ደግሞ ከጩኸቷ የባሰ ነው። «የወለደችህን በቁሟ የለሰንክ፣ ልጃችን ያረጀች ቀን ምን ልታደርጋት ነው? እጇን ካላየሁ ይህች በቅሎ አንድ እግር አታነሣም።» ከመከናነቢያው ሥር ሰዕዲያ አንገቷን ስትነቀንቅ አየኋት። ሐመድ እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። አንጀቴን በላው፤ ጠዋት ያበገነኝ ሰው አሁን አሳዘነኝ።

ወደ እኔ ዞረ። «ጣሂራ፣ ነጭ አምጪ።»

«የለም። ቤትህ ላይ ጨርሼዋለሁ። የቀረችው ጠብታ የሙሽራዋ ናት።»

«አሁን በጥብጪ።»

«ሐመድ፣ ሳያድር አይይዝም። ብቀባውም ቀልብህን ሳትሰበስብ ይረግፋል፤ ያኔ ደግሞ ሴትዮዋ ሁለተኛ ሞቱ ሊሉህ ነው።» ይህን ስል ነገሩ ለራሴም ገባኝ። ለካ የሰርጉም፣ የቤቱም፣ የሰውየውም ዕጣ አንድ እፍኝ አፈር ላይ ተንጠልጥሏል። ሐመድ ራሱን ይዞ አጥሩ ሥር ቁጭ አለ።

ኻልቲ ኡምኩልሱም ያን ጊዜ ነው ከአዲሱ ቤት ብቅ ያሉት። ሴቶቹ አንዳንዶቹ ጮኹ፣ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ ብኸይታ ድስቷን አቅፋ «ያ አላህ!» አለች። እሳቸው ሰማያዊ ቶባቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ክቡ ቤት ሄዱና በሩ ላይ ቆመው ጠሩኝ። «ጣሂራ፣ አልጋዬ ሥር ቅል አለች። አምጫት።»

ገባሁ፣ አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። ቅሏ በእርጥብ ጨርቅ ተከድናለች። ጨርቁን ገለጥኩ። ነጭ አፈር ነው፤ ተነፍቶ፣ በውሃ ርሶ፣ አድሮ፣ እንደ እርጎ የረጋ። ጣቴን ነከርኩበት። እኔ ራሴ ከዚያ የተሻለ አላሳድርም ነበር።

ይዤ ስወጣ ሐመድ ፊቱ በራ። «ተመስገን! ኡሚ፣ ነይ፣ አዲሱ ቤት ላይ አድርጊው፣ እዚያ ነጩ ላይ—»

«አዲሱ ቤት የሰዕዲያ ነው» አሉት። «አንድ በር ሁለት እጅ አይችልም። እኔ ቤት አለኝ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ስንት ወር ሲነጋገሩት መክረም የነበረባቸውን ነገር አሁን ሰው ሁሉ እያየ አንድም ቃል ሳይወጣቸው ተነጋገሩት። ሐመድ መጀመሪያ በሩን አየ፣ ቀጥሎ በግቢው ጥግ የቆሙትን አህዮች አየ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላቸው ቀስ ብሎ።

«አንተስ ጠየቅከኝ?»

ጎንበስ ብሎ ቅሏን ከእጄ ተቀበለኝና ለእናቱ ያዘላቸው። ኻልቲ ኡምኩልሱም መዳፋቸውን እስከ አንጓው ነከሩት፣ ከበሩ ግራ፣ ልሙጡ ላይ፣ ተጫኑት። ጭቃዬ ገና እርጥብ ስለነበር እጁ ጠልቆ ገባ፤ በየዓመቱ ከተጫኑት ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። እጃቸውን ሲያነሡ ዓዲላ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየች፣ አየችና የሰማሁትን እልልታ ሁሉ የሚያስረሳ አንድ እልልታ ለቀቀች። መለከቶቹ ተነሡ። ወደ መቃብሩ የሮጡት ጎበዞች መቆፈሪያቸውን እንደተሸከሙ ሲመለሱ በቀጥታ ጭፈራው ውስጥ ገቡ። ሰዕዲያም ከበቅሎዋ ወርዳ የራሷን እጅ ነጩ ቤት ላይ አሳረፈች፣ አማቷ አንጓዋን ይዘውላት «ጫን፣ ጫን አድርጊው፣ አትፍሪ» እያሏት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ድንጋዮቼን ከክቡ ቤት ፊት ቁጭ ብዬ አጠብኩ። አህዮቹ ውጭ ቀርከሃው ሥር ታስረዋል፤ ሁለቱም ቤቶች እጅ አላቸውና የሚገቡበት የለም። ሻዕባን ሙሽራው አዲስ በረት እንዳዘዘው ነገረኝ፣ ማዕዘን ይኑረው አይኑረው ግን አልተወሰነም አለ። እኔ ግን ሐሳቤ ቅሏ ላይ ነበር። ሐመድ ለስኚ ያለኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ነጭ አፈር ደግሞ ሳያድር እርጎ አይሆንም። ኻልቲ ኡምኩልሱም ገንፎ ይዘውልኝ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው ገና ነጭ ነው፣ አልታጠቡትም።

«ኻልቲ» አልኳቸው፣ «የትናንትናው ቃርስ?»

ወደ በሩ አዩ፣ ወደ አህዮቹ አዩ፣ ገንፎውን በነጭ ጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አሁን ለቀቀኝ» አሉ።